ቀለም የጠጣ ብረት

እጄ ወርቅ ነው ይሉኛል። አምቦ ውስጥ ቢሮ በር ላይ «ያለ ፈቃድ መግባት ክልክል ነው» የሚል ጽሑፍ ካያችሁ ግማሹ የእኔ ነው። ሥራዬ መዝገብ ቤት ነው፤ ፋይል አወጣለሁ፣ ፋይል እመልሳለሁ። ብሩሽ የምይዘው በትርፍ ጊዜዬ ቢሆንም ሰው የሚያውቀኝ በብሩሼ ነው። ድሮ ሲያሞግሱኝ ደስ ይለኝ ነበር። አሁን «እጅህ ይባረክ» የሚለኝን ሰው ጥርሱን ባወልቀው ደስ ይለኛል።

ወንድሜን ሮብሳንን ስምንት ዓመት እበልጠዋለሁ። ጎጆ ከተማ የእንስሳት ጤና ረዳት ነበር፤ በጉን፣ ላሙን፣ ፈረሱን እየዞረ ይከትባል። ለዓመታት በእግሩና በሰው ፈረስ ሲንከራተት ኖሮ በሁለት ሺህ ሁለት ዓመተ ምሕረት መጀመሪያ ላይ ቀይ ሞተር ብስክሌት ገዛ። ቀይ ስላችሁ እንደ ሌላው ቀይ እንዳይመስላችሁ፤ ወደ ቡናማ ያደላል። የአባታችን የድሮ ፈረስ፣ የዳማው መልክ ነው። አባታችን ኦቦ ጉደታ በአገራቸው የሚጠሩት በፈረሳቸው ስም ነው፤ አባ ዳማ። ፈረሱ ከሞተ ሃያ ዓመት ቢያልፈውም ስሙ አልሞተም። ሮብሳን ሞተሩን በገዛ ሳምንት አምቦ ድረስ እየነዳ መጣና «ጋሼ፣ ዳማ ብለህ ጻፍልኝ» አለኝ። በሁለቱም ጎን ፕላስቲክ ላይ በነጭ ቀለም፣ በጥቁር ጥላ ሰጥቼ፣ «ዳማ» ብዬ ጻፍኩለት።

ታኅሣሥ ላይ ሮብሳን ለአሥር ቀን ሥልጠና አዲስ አበባ ተጠራ። ሞተሩን እኔ ግቢ አቆመው።

«ባትሪው እንዳይሞት ጠዋት ጠዋት አስነሣው» አለኝ። «ከዚያ በላይ ግን አትንካው ጋሼ። አንተ ፋይል እንጂ ሞተር አታውቅም።»

ይህን ብሎ ሳቀ። እውነቱን ነው፤ እኔን ግን አናደደኝ።

በአራተኛው ቀን ነዳሁት። ሰበብ የለኝም። አርባ ዓመት ሊሞላኝ ጥቂት የቀረኝ ሰውዬ በቀይ ሞተር ጉደር ደርሼ እንድመለስና የሚያውቀኝ ሁሉ እንዲያየኝ ፈለግኩ፤ ይኸው ነው። ስመለስ ከፊቴ ይሄድ የነበረ ባጃጅ ሰው ሊያወርድ ድንገት ቆመ። ደንግጬ ወደ ጠጠሩ ወጣሁና በቀኝ ጎኔ ተዘረጋሁ። ሞተሩ ከእኔ አልፎ እየተንሸራተተ ሄደ። ስደርስበት የቀኙ ፕላስቲክ «ዳማ» ከሚለው ጽሑፍ ጋር ተፍቋል፣ ጫፉ ተሰንጥቋል። በቀኝ እጅ የሚጨበጠው የፊት ፍሬን መያዣም ወደ ውጭ ተጣሟል። የእኔም ጉልበት ተልጧል፤ ስለ እሱ ግን ማንም የጠየቀኝ የለም።

ጋራዥ መውሰድ ነበረብኝ። አምቦ ውስጥ ግን ጋራዥ ከገባህ ወሬው ካንተ ቀድሞ ጎጆ ይደርሳል። ሮብሳን «አላልኩህም?» ብሎ ሲስቅብኝ ታየኝ። ደግሞስ እጄ ወርቅ አይደል?

ብሎኖቹን ፈትቼ በሰርዲን ቆርቆሮ አጠራቀምኩ። ፕላስቲኩን በኦሞ አጠብኩት። በሻካራው ብርጭቆ ወረቀት፣ ቀጥሎም ለስላሳውን ውሃ እየነከርኩ፣ የጭረቱ ጠርዝ እስኪጠፋ ፈተግኩት። ጥልቅ ጥልቁን ቦታ በስቱኮ ሞላሁና በፀሐይ አድርቄ እንደገና ፈተግኩት። አቧራ እንዳይነሣ ግቢውን ውሃ ረጨሁ። ከዚያ ፕላስቲኩን ልብስ ማስጫው ሽቦ ላይ አንጠልጥዬ የስፕሬይ ቀለሙን ጣሳ እየናጥኩ ከሥር ቡናማውን፣ ከላይ ቀዩን፣ ስስ ስስ አድርጌ ደራረብኩት። አንዱ ጎን አዲስ፣ አንዱ አሮጌ ሆኖ እንዳያሳብቅብኝ ደህናውንም የግራ ጎን ቀባሁት። ቫርኒሹ ሲደርቅ «ዳማ»ን እንደገና ጻፍኩት፤ ከበፊቱም አሳመርኩት።

የፍሬኑን መያዣ በጨርቅ ጠቅልዬ በፒንሳ እያባበልኩ አቃናሁት። የታጠፈበት ቦታ ላይ እንደ ፀጉር የቀጠነች መስመር ቀረች። ቀለሙ ነው የተሰነጠቀው ብዬ ራሴን አሳመንኩ። ቀጭኗን ብሩሽ ጥቁር ቀለም ነክሬ መስመሯን ሞላኋት። ቀለሙ ወዲያው ወደ ውስጥ ሰረገ፤ ደገምኩት፤ አሁንም ሰረገ። በሦስተኛው ቆመ። ብረት ቀለም አይጠጣም ብሎ ማሰብ ለእኔ ከባድ ነገር አልነበረም። አላሰብኩም።

ሮብሳን ከአዲስ አበባ ሲመለስ ሞተሩን ዞሮ ዞሮ አየው።

«ጋሼ፣ ምን አድርገኸው ነው?»

«እንዲያምርልህ ብዬ ቀባሁት» አልኩ።

አንገቴን አቅፎ ሳመኝ። «ለእኔ ብለህ! ስትደክም ከረምክ ማለት ነው!» አለ፤ ዓይኑ እንባ አቅርሮ ነበር። ያን ጊዜ «ወድቄበት ነው፤ ፍሬኑን አሳየው» ማለት ነበረብኝ። አራት ቃል ነው። አራት ቃል አቃተኝና ምስጋናውን ተቀበልኩ።

ለገና ጎጆ ወጣሁ። ሮብሳን ሞተሩን ከሰው ሁሉ ፊት አቁሞ «የወንድሜ እጅ ሥራ ነው!» እያለ ያሳያል። አባታችን ፈረስ ሲገዙ እንደሚያደርጉት መዳፋቸውን ከኋላ ወደ ፊት፣ ፀጉር በሌለው ፕላስቲክ ላይ፣ ቀስ ብለው ወሰዱት። ከ«ዳማ» ጽሑፍ በታች ሲደርሱ መዳፋቸው ቆመ።

«እዚህ ጋ ገጣባ አለው» አሉ።

«ኧረ አባ! ፕላስቲክ ደግሞ እንደ ጋማ ከብት ገጣባ ያወጣል እንዴ?» ሮብሳን ከት ብሎ ሳቀ። ሚስቱ ጊፍቲም ሳቀች። ከሁሉም አብልጬ የሳቅኩት እኔ ነበርኩ።

በየካቲት፣ እሑድ ረፋድ ላይ ተደወለልኝ። ሮብሳን ከጎጆ ወጣ ብሎ ባለው ኮረኮንች ቁልቁለት ገደል ገብቷል አሉኝ። ስደርስ ሬሳው ቤት ገብቶ ነበር። በማግስቱ ቀበርነው። ሞተሩን ፖሊስ ወስዶት ስለነበር አላየሁትም። ለቀስተኛው «ሳይጠጣ አልቀረም»፣ «ፍጥነት ነው» ይላል። የትራፊክ ፖሊሱ መንገዱ ላይ የፍሬን ምልክት የሚባል እንዳላገኘ ተናግሮ ኖሮ «ፍሬን እንኳ አልያዘም» የሚለው ወሬ ድንኳኑን ሞላው።

በሠልስቱ የጎጆው ሜካኒክ እንግዳወርቅ በምልክት ጠርቶ ከድንኳኑ ጀርባ ወሰደኝ። ፖሊስ ሞተሩን እንዲያይለት ጠርቶት ነበር። ከኪሱ በጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር አወጣና በእጄ አስጨበጠኝ። የፊት ፍሬኑ መያዣ ነው፤ ለሁለት ተሰብሯል።

«ኦቦ ጉርሙ፣ ሮብሳን አልሰከረም» አለኝ። «የእግር ፍሬኑ አልቆበት ዕቃው ከአዲስ አበባ እስኪመጣለት በዚህ ብቻ ነበር የሚነዳው። ሲጨብጠው እጁ ላይ ተሰበረ። ይሄ ብረት ከዚህ በፊት ተጣሞ የተቃና ነው። ማን እንዳቃናው እግዜር ይወቅ። ለሽማግሌው ማሳየት አልቻልኩም፤ አንተ ታላቅ ነህ፣ አንተ ንገራቸው።»

ስብራቱን አየሁት። ግማሹ እንደ አዲስ ማንኪያ ያበራል፤ ግማሹ ጥቁር ነው። ያ ጥቁር የእኔ ቀለም ነው። በጋዜጣው ጠቅልዬ ኮቴ ኪስ ከተትኩት።

ወደ ድንኳኑ ስመለስ ጊፍቲ ጥግ ይዛ ተቀምጣለች። ጊፍቲ አስተማሪ ናት፤ ቀልደኛና ደፋር ሴት ነበረች። ከቀብሩ ጀምሮ ግን አንዲት ዘለላ እንባ ከዓይኗ አልወጣም። ሴቶቹ «አልቅሺ፣ ይወጣልሻል» ይሏታል፤ እሷ ድንጋይ ሆናለች። አጠገቧ ስቀመጥ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ አናገረችኝ።

«ጋሼ፣ እኔ ነኝ የገደልኩት።»

«ምን ማለትሽ ነው?»

«እሑድ ቤት እውላለሁ ብሎኝ ነበር። የሰው ላም ታመመች ብለው ሲጠሩት ተነሥቶ ሊሄድ ሲል ተጣላን። በሩ ላይ 'ሂድ፣ እንደወጣህ ቅር!' አልኩት። ዞር ብሎ አየኝና ሄደ። ፍሬን እንኳ አልያዘም አሉ እኮ ጋሼ። አፌ ነው የገደለው።»

ብረቱ ኪሴ ውስጥ ነው፤ ጎኔን ይወጋኛል። አውጥቼ እጇ ላይ ማስቀመጥ ብቻ ነበር የሚጠበቅብኝ። እኔ ግን «እግዜር ያለው ነው የሆነው፤ ራስሽን አትጉጂ» አልኳት። ፈሪ ሰው ሲጨንቀው እግዜርን ይጠራል። በማግስቱ ወደ አምቦ፣ ወደ ፋይሎቼ ተመለስኩ። ኮቱን በየቀኑ እለብሰዋለሁ፤ ብረቱን ከኪሴ አውጥቼ ሌላ ቦታ ማስቀመጥም፣ መጣልም አልቻልኩም።

አርባው ሊደርስ አምስት ቀን ሲቀረው አንድ አይሱዙ በራፌ ላይ ቆመ። ድንች ጭኖ ከጎጆ የመጣ ነው። ጆንያዎቹ ላይ ሞተሩ በገመድ ታስሮ ተጋድሟል። ከጋቢናው አባታችን ወረዱ። በአንድ ወር ውስጥ አሥር ዓመት አርጅተዋል።

«ያ ጉርሙ» ብለው በኦሮምኛ ጠሩኝ፣ ሞተሩን ካወረድነው በኋላ። «በእኛ ወግ ሰው ሲሞት ፈረሱ ይጫናል፤ ልብሱ ኮርቻው ላይ ይደረግና ለቅሶው መሃል ይሳባል። ሮብሳን ሲቀበር ፈረሱ ፖሊስ ጣቢያ ታስሮ ነበር። አሁን አስፈትቼዋለሁ። በአርባው ይሳባል። እንዲህ ሆኖ ግን ሕዝብ ፊት አይወጣም። እጅህ ወርቅ ነው ኢልማ ኮ፣ ልጄ፤ እንደነበረ አድርግልኝ።»

እምቢ የምለው በምን አፌ ነው? መሥሪያ ቤት ፈቃድ ጠየቅኩና ጀመርን። ጀመርን የምለው እሳቸውም ስለሠሩ ነው፤ «ፈረስ የሚያጥበው ባለቤቱ ነው» ብለው ብርጭቆ ወረቀቱን ከእጄ ወሰዱ። ግቢው ውስጥ በርጩማ ላይ ተቀምጠው፣ ፕላስቲኩን ጉልበታቸው ላይ አድርገው፣ ውሃ እየነከሩ ይፈትጋሉ። በየመሃሉ የፈተጉትን በመዳፋቸው ይዳብሱታል። የገደሉ ድንጋይ የቧጠጠውን እየፈተጉ ሲሄዱ ከ«ዳማ» በታች ቀዩ አለቀና ግራጫ ነገር ብቅ አለ።

«ይሄ ግራጫው ምንድን ነው?»

«ስቱኮ ነው አባ። ቀለም እንዲይዝ ከሥር ይደረጋል።»

«ለምን እዚህ ጋ ብቻ ሆነ?»

«ፋብሪካው እንደዚያ ነው የሚሠራው» አልኩ።

ቀና ብለው አዩኝ። «እንግዲህ እኔ ፕላስቲክ አላውቅም» ብለው ወደ ፍተጋቸው ተመለሱ። ስላመኑኝ ከመመታት የባሰ አመመኝ።

በሦስት ቀን ጨረስነው። የተሰበረውን በስቱኮና በሽቦ ገጣጥሜ፣ ከሥር ቡናማውን ከላይ ቀዩን ቀብቼ፣ «ዳማ» ብዬ ለሦስተኛ ጊዜ ጻፍኩ። መቆሚያው ገደል ውስጥ ተሰብሮ ስለቀረ ሞተሩን ግድግዳ ላይ አስደግፈን አየነው። ከእሱ የተሻለ ሥራ ሠርቼ አላውቅም። አባታችን ዙሪያውን ሁለት ጊዜ ዞሩትና መሪው ላይ፣ በቀኝ በኩል ባዶ የሆነችውን ቦታ በጣታቸው ነኩ።

«ልጓሙስ?» አሉ።

«የምን ልጓም?»

«ፍሬኑን ነው የምልህ። እንግዳወርቅን ስጠይቀው ለጉርሙ ሰጥቼዋለሁ አለኝ። ቢሰበርም እንደ ነገሩ እሰርለት። ፈረስ ያለ ልጓም አይሳብም።»

ጠፋብኝ ማለት እችል ነበር። ውሸት አልቆብኝ እንዳይመስላችሁ፤ አፌ ላይ ነበረ። ግን ደከመኝ። ከኮቴ ኪስ አወጣሁና ከነጋዜጣው ሰጠኋቸው።

ወደ ፀሐዩ ዞሩ። ሁለቱን ስባሪ አገጣጠሙ፣ ለያዩ፣ እንደገና አገጣጠሙ። ጥቁሩን ግማሽ በአውራ ጣታቸው ጥፍር ፈቀፈቁትና ጥፍራቸውን አዩ።

«ይሄ ዝገት አይደለም» አሉ። «ቀለም ነው። ስብራቱ ቀለም ጠጥቷል።»

ስባሪዎቹን ወደ እኔ አዞሩ።

«ያ ጉርሙ፣ ይሄ ብረት መጀመሪያ ተሰነጠቀ። ተሰንጥቆ ሳለ ተቀባ። ከተቀባ በኋላ ተሰበረ። ወይስ እኔ ብረትም አላውቅም?»

«ያውቃሉ አባ።»

«ማነው የቀባው?»

«እኔ ነኝ።»

ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ጉደርን፣ ባጃጁን፣ ፒንሳውን፣ እየሰረገ ያስቸገረኝን ቀለም። ቆመው ሰሙኝ። ስጨርስ በርጩማው ላይ ቁጭ አሉ።

«በገና መዳፌ ነግሮኝ ነበር» አሉ። «ስትስቁ ተውኩት።» ከዚያ ድንገት ቀና አሉ። «ጊፍቲ ይህን ታውቃለች?»

«አታውቅም።»

«አፌ ገደለው እያለች መሆኑንስ አንተ ታውቃለህ?»

«አውቃለሁ።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከሠልስቱ።»

ያን ጊዜ ነው የተቆጡት። ተነሥተው ኮሌታዬን ያዙኝ። «መውደቁንስ ማንም ይወድቃል! በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ሲባል አልሰማህም? አንተ ይባስ ብለህ የራስህን በሽታ በሰው ሚስት ላይ ጫንክ! አርባ ቀን ሙሉ! ዋቃዮ!» ለቀቁኝ። አለቀሱ። አባቴ ሲያለቅሱ ሳይ የመጀመሪያዬ ነበር፤ ሮብሳን ሲቀበር እንኳ አላለቀሱም።

ፊታቸውን በነጠላቸው ጠርገው ስባሪዎቹን መለሱልኝ። «አታስርለትም። ያለ ልጓም ይሳባል። የምትስበው አንተ ነህ። ይህን ደግሞ በእጅህ ትሰጣታለህ» አሉ። ከግቢው ወጥተው ወደ ጎጆ የሚመለስ መኪና ፍለጋ ሄዱ።

ሞተሩን በአይሱዙ ጭኜ ጎጆ ወጣሁ። በአርባው ቀን የሮብሳንን ጃኬት ወንበሩ ላይ አሰርን፣ የሞተር ሄልሜቱን መሪው ላይ አንጠለጠልን። ሁለቱን እጀታ ይዤ ሕዝቡ መሃል ስገባ ለቅሶው አዲስ ሆነ። የሙሾ አውራጇ እማሆይ ሲንቄ ከፊቴ ቆመው አወረዱት፦

«ዳማው መጣ አጊጦ፣ ጌታው የት ቀረ፣
ቀለሙስ እንዳዲስ ነው፣ ልቤ ግን አረረ።»

ሴቶቹ ደረታቸውን እየመቱ ተቀበሏቸው። በግራ በቀኝ የሚያየኝ ሰው ሁሉ ያመሰግነኛል። «ወንድም ማለት እንዲህ ነው!» «እጁ ይባረክ፣ ጭረት እንኳ የለውም!» «ሮብሳን ቢያየው!» አባታችን ከኋላዬ ይራመዳሉ።

ጊፍቲ ፊት ደረስኩና ቆምኩ። አሁንም ዓይኗ ደረቅ ነው። ሞተሩን በአንድ እጄ ደግፌ፣ በሌላው ስባሪዎቹን አውጥቼ መዳፏ ላይ አስቀመጥኩ። የተዘጋጀሁበት ብዙ ነገር ነበር፤ የወጣልኝ ግን ይኸው ነው።

«የፍሬኑ መያዣ ነው። በታኅሣሥ እኔ ወድቄበት ተሰነጠቀ፤ ቀለም ቀብቼ ደበቅኩት። ለእሱም አልነገርኩትም። ያን ቀን እጁ ላይ ተሰበረ። አንቺ አይደለሽም የገደልሽው፤ እኔ ነኝ።»

ይጮኻሉ፣ ይመቱኛል ብዬ ጠበቅኩ። አጠገባችን የነበሩት ወደ ጊፍቲ እጅ ዞሩ። ጊፍቲ እኔን አላየችኝም። ብረቱን እያገላበጠች አየችው፤ እንደሚጨብጠው ሰው ጣቶቿን አንድ በአንድ ዙሪያው አጠፈች።

«ፍሬን ይዞ ነበር ማለት ነው?» አለች።

«ይዞ ነበር።»

«አጥብቆ?»

«እስኪሰበር ድረስ።»

«ሊመለስልኝ ፈልጎ ነበር» አለች፤ ለእኔ አይደለም፣ ለማንም አይደለም። ከዚያ ብረቱን ደረቷ ላይ ለጥፋ መሬቱ ላይ ተቀመጠችና አርባ ቀን ያልወጣው እንባ ወጣ። ሴቶቹ ሁሉ ወደ እሷ ጎረፉ። አባታችንም አልፈውኝ ወደ እሷ ሄዱ።

ከዚያን ቀን ወዲህ ጊፍቲ ዓይኔን አይታኝ አታውቅም፤ አልፈርድባትም። ያን ጊዜ እኔም መሸሽ ፈልጌ ነበር። ግን ሞተሩ መቆሚያ የለውም፤ ብለቀው ይወድቃል። ሰው ሁሉ ተነሥቶ እስኪሄድ ድረስ እንደያዝኩት ቆሜ ቀረሁ።